ስለ መድፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድፍ የሚባለው የትኛው ነው? ከሞርታርና ከሃዊትዘር በምን ይለያል?

በአማርኛ ከትከሻ ላይ የማይተኮሰውን ከባድ መሣሪያ ሁሉ መድፍ ማለት ተለምዷል። ሙያው ውስጥ ያሉት ግን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። ረጅም ቱቦ ያለውና ጥይቱን ዝቅ ባለ ማዕዘን በፍጥነት የሚሰደው ዋናው መድፍ ነው። ሞርታር አጭርና አፈ ሰፊ ሆኖ ከ45 ዲግሪ በላይ ቀና ይላል፤ ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ ወይም ከኮረብታ ጀርባ ይጥላል። ሃዊትዘር የሁለቱ መካከለኛ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግንብ የሚናድበት መሣሪያ ሜዳ ላይ ሲራወጥ ለሚውል ጦር አይሆንም። ከግንቡ ኋላ ያለውን ሰው ለመምታት የተሠራ ሞርታርም ግንቡን ፊት ለፊት አይሰብርም። በታሪክ ውስጥ «መድፍ እያላቸው ተሸነፉ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ዓይነት መድፍ እንደነበራቸው ነው።

መድፍ መጀመሪያ የት ተሠራ?

ቻይና። ባሩድ እዚያ የታወቀው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ዓመቱ ተቀርጾባቸው እስከ ዛሬ ከቆዩት የብረታ ብረት መድፎች አንዱ 1298 የሚል ነው፤ የተገኘው የኩብላይ ካን የበጋ ከተማ በነበረችው በሻንዱ ነው። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው ሥዕል በ1326 በተጻፈ የእንግሊዝ ብራና ላይ ይታያል። የተኛ ጋን የሚመስል ነገር አፉ ላይ ትልቅ ቀስት ተሰክቶበት፣ አንድ ሰው ከኋላ እሳት ሲለኩስበት ያሳያል። በ1346 ፈረንሳይ ውስጥ በክሬሲው ውጊያ ላይ እንግሊዞች ጥቂት መድፎች ይዘው ነበር፤ ከጉዳታቸው ይልቅ ድምፃቸው ሳይበልጥ አይቀርም።

ባሩድ ከምን ይሠራል? ለምንስ ያን ያህል ያጨሳል?

ጥቁሩ ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፦ ፖታስየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ። በኋለኛው ዘመን የተለመደው መጠን 75፣ 15 እና 10 በመቶ ነው። ናይትሬቱ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ከሰሉ ይነድዳል፣ ድኙ ደግሞ እሳቱ ቶሎ እንዲይዝ ያደርጋል። ሲቃጠል ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ከግማሹ ያነሰው ነው፤ የቀረው ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጥላሸት ሆኖም ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። ሁለት ሦስት ዙር ከተተኮሰ በኋላ መድፈኛው ዒላማውን ማየት የሚያቅተው፣ ጥይቱም ቱቦው ውስጥ አልገባ የሚለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ባሩድ እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ በጋሪ ሲንገጫገጭ ከባዱና ቀላሉ ይለያያል፣ እርጥበትም ቶሎ ይስባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ድብልቁን አርጥቦ በፍሬ መልክ ማድረቅ ተለመደ። በፍሬዎቹ መካከል እሳት በቀላሉ ስለሚያልፍ ቃጠሎው ፈጣን ሆነ። መዘዙም አብሮ መጣ፦ ለዱቄት የተሠሩ አሮጌ መድፎች በአዲሱ ባሩድ ልክ እንደ ቀድሞው ሲሞሉ ይፈነዱ ጀመር።

ከአፉ የሚጎርስ መድፍ እንዴት ይተኮሳል?

በ1850ዎቹና 60ዎቹ በሰፊው ያገለገለውን ባለ 12 ፓውንድ የነሐስ መድፍ እንውሰድ። «12» የጥይቱ ክብደት ነው፣ 5.4 ኪሎ ገደማ። አፉ 117 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንድ ተኩስ 1.1 ኪሎ ያህል ባሩድ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ ይመጣለታል። ስምንት ያህል ሰው ዙሪያውን ይቆማል፣ እያንዳንዱም አንድ ሥራ ብቻ አለው። አንዱ ከኋላ ያለችውን የእሳት ቀዳዳ ቆዳ በለበሰ አውራ ጣቱ ይደፍናል። ሌላው የበግ ለምድ የተጠቀለለበትን ዘንግ ውኃ ነክሮ ቱቦውን ይጠርጋል። የባሩዱ ከረጢት ይገባል፣ ጥይቱ ይከተላል፣ ሁለቱም በመጠቅጠቂያ እስከ ታች ይገፋሉ። ከዚያ በቀዳዳዋ ሹል ሽቦ ገብቶ ከረጢቱን ይበሳል፣ ማቀጣጠያው ይሰካል፣ ኃላፊው ያነጣጥራል፣ ሰው ሁሉ ከጎማዎቹ ይርቃል፣ ገመዱ ይሳባል። መድፉ ከነጋሪው ወደ ኋላ ይንከባለላል። ሰዎቹ መልሰው ይገፉትና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሠለጠነ ቡድን እያነጣጠረ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል።

ስህተቱ ያለው ጥቃቅኗ ላይ ነው። ጠባቂው አውራ ጣቱን በጥረጋው መካከል ካነሣ ከታች አየር ይገባል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረች የጨርቅ ፍም እንደ ወናፍ ይነፋባትና አዲሱ ባሩድ ገና ሲጠቀጠቅ ይቀጣጠላል። የሚጠቀጥቀው ሰው እጁን ያጣል። ስለዚህ ሠልጣኝ ዘንጉን ሲይዝ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን እንዲያደርግ ይነገረዋል፤ ዘንጉ በድንገት ቢወረወር ከእጁ ያመልጣል እንጂ እጁን ይዞት አይሄድም። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ሳይቀመጥ መሐል ላይ ከቀረም ቱቦው እዚያው ቦታ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። መጠቅጠቂያውን ሳያወጡ መተኮስ ደግሞ በውጊያ ግርግር ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው፤ ሰው ባይጎዳ እንኳ ሌላ ዘንግ እስኪመጣ መድፉ ሥራ ፈት ነው።

በመድፍ የሚተኮሰው ምን ምን ነበር?

ዋናው ድፍን የብረት ኳስ ነው። አይፈነዳም። ጉልበቱ በመንጠር ነው፦ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ወድቆ በሰው ወገብ ቁመት እየነጠረ ይቀጥላል፣ በመንገዱ ያገኘውን ሰልፍ ሁሉ ያጭዳል። ዋተርሉ ላይ በ1815 ናፖሌዎን እስከ ረፋድ ድረስ የጠበቀበት አንዱ ምክንያት ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ነው። ጭቃ ላይ መድፎቹን ማንቀሳቀስ ከባድ ነው፣ ጥይቱም ይቀበራል እንጂ አይነጥርም።

ጠላት ሲቀርብ ኳሱ ይቀርና በቆርቆሮ ጣሳ የታጨቁ ትናንሽ የብረት እንክብሎች ይጎርሳሉ፤ ለባለ 12 ፓውንዱ መድፍ 27 ነበሩ። ጣሳው አፉ ላይ ሲደርስ ይቀደድና እንክብሎቹ እንደ ዘር ይበተናሉ። ከ350 ሜትር በላይ ብዙም አይጠቅምም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከዚህ የከፋ አልነበረም። የሚፈነዳው ቅምቡላ ውስጡ ባዶ ሆኖ ባሩድ የተሞላ ነው፣ ማቀጣጠያው እንደ ርቀቱ ተለክቶ ይቆረጣል። እንግሊዛዊው መኮንን ሄንሪ ሽራፕነል በ1784 ቅምቡላውን በእንክብሎች ሞልቶ ከሰልፉ አናት በላይ አየር ላይ እንዲፈነዳ አደረገው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ለፍንጣሪ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ምን ያህል ይርቅ ነበር?

ያው ባለ 12 ፓውንድ መድፍ 5 ዲግሪ ቀና ብሎ 1,480 ሜትር ያህል ይወረውራል። ርቀትና መምታት ግን አንድ አይደሉም። ኳሱ በጥላሸት እንዳይያዝ ከቱቦው አፍ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይጠብባል፤ ስለዚህ ሲወጣ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እየነካ ነው፣ የመጨረሻ ንኪው ወዴት እንደሆነም ማንም አያውቅም። በዚያው ክፍተት ጋዙም ያመልጣል። በሰልፍ የቆመ ጦር ከ800 ሜትር ይመታል። አንዲት የጠላት መድፍ ለይቶ መምታት ግን በአብዛኛው ዕድል ነበር።

የቁስጥንጥንያን ግንብ የሰበረው መድፍ እውነት ያን ያህል ግዙፍ ነበር?

ነበር። ሠሪው ሐንጋሪያዊው ኦርባን ነው። መጀመሪያ አገልግሎቱን ያቀረበው ለራሱ ለቁስጥንጥንያ ንጉሥ ለቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነበር፤ ንጉሡ የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው ወደ ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ሄደ። ኤዲርኔ ላይ የቀለጠው ትልቁ መድፍ 8 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፣ የሚወረውረው የድንጋይ ኳስም ከ500 ኪሎ ይበልጣል። በ60 በሬ ተጎትቶ፣ መንገድ ጠራጊና ድልድይ ሠሪ ከፊት እየቀደመ ከተማዋ ደጃፍ ደረሰ። ከበባው ከሚያዝያ 6 እስከ ግንቦት 29 ቀን 1453 ቆየ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ይህ ነው፦ ያ መድፍ በቀን የሚተኮሰው ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ቱቦው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እንዳይሰነጠቅም ዘይት ይፈስበት ነበር። በመካከሉ የከተማው ሰዎች ሌሊት ሌሊት የተናደውን በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር በተሞላ በርሜል ይደፍኑታል። ግንቡን ያደከመው ግዙፉ ብቻውን ሳይሆን በዙሪያው ያሉ በርካታ አነስተኛ መድፎች ሳያቋርጡ መተኮሳቸው ነው። ስሙ የቀረው ግን የግዙፉ ነው።

ከመድፍ በኋላ ግንብ ቀረ ማለት ነው?

ግንብ አልቀረም፣ ቅርጹን ለወጠ። የፈረንሳዩ ቻርልስ 8ኛ በ1494 ጣልያን ሲገባ የያዛቸው የነሐስ መድፎች በፈረስ የሚጎተቱ፣ የብረት ኳስ የሚተኩሱና በደረሱበት ቀን ሥራ የሚጀምሩ ነበሩ። ረጃጅሞቹ የጣልያን ግንቦች አልቻሏቸውም። ቀጭንና ረጅም ግድግዳ ከታች ሲመታ በራሱ ክብደት ይወድቃል።

ጣልያኖች መልሱን ቶሎ አገኙት፦ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ ውስጡ በአፈር የተሞላ ግድግዳ፣ ጎኑ እንደ ኮከብ ጫፍ ወጣ ወጣ ያለ። አፈር ኳሱን ይውጠዋል። የኮከቡ ጫፎች ደግሞ አንዱ የሌላውን ግርጌ በተኩስ ስለሚሸፍኑ አጥቂ የሚደበቅበት ጥግ አያገኝም። ከበባ እንደገና የወራት ሥራ ሆነ።

ነሐስ ይሻላል ወይስ ብረት?

የመድፍ ነሐስ ዘጠኝ እጅ መዳብ አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ሲያረጅ ያብጣል ወይም ይቀደዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ እንደ ጋን አይሰባበርም። አይዝግም፣ ካረጀም ቀልጦ ሌላ ይወጣዋል። ድክመቱ ለስላሳነቱ ነው። ተኩስ ሲበዛበት ይግላል፣ የእሳት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

ብረት ርካሽ ነው። እንግሊዞች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ መርከቦቻቸውን በብዛት ማስታጠቅ የቻሉት በዚህ ነው። ነገር ግን ከባድ ነው፣ ሲፈነዳም ሳያስጠነቅቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ክርክሩን ፌሮ (አረብ ብረት) ዘጋው፦ የጀርመኑ ፋብሪካ የክሩፕ የፌሮ መድፎች በ1870 የፈረንሳይን ነሐስ ሲበልጡ ነገሩ አለቀ።

መድፍ የገዛ ሰዎቹን ለምን ይገድላል?

ከሦስት ነገሮች በአንዱ ነው፦ በአሠራር እንከን፣ ከልክ ባለፈ ባሩድ ወይም በጥንቃቄ ጉድለት። ቅልጡ ሲፈስ ውስጡ አየር ከቀረ የማይታይ ጉድጓድ ይፈጠራል። መድፉ አንድ መቶ ጊዜ በደኅና ተኩሶ በመቶ አንደኛው ሊፈነዳ ይችላል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ቱቦውን ድፍን አድርጎ አቅልጦ ከዚያ በመሰርሰሪያ መቦርቦር የተለመደው እንከኑን ለመቀነስና አፉን ቀጥ ለማድረግ ነው። አዲስ መድፍም ከልክ በላይ ባሩድ ተሞልቶ ሰው በሌለበት ይፈተናል።

ንጉሥም አልቀረለትም። የስኮትላንዱ ጄምስ ዳግማዊ በ1460 ሮክስበርግን ከቦ ሳለ አጠገቡ የነበረ መድፍ ፈንድቶ ገደለው። በ1844 ፕሪንስተን በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ለእንግዶች ማሳያ የተተኮሰ አዲስ ግዙፍ መድፍ ፈነዳ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ታይለር በዚያ ቅጽበት ከመርከቡ ወለል በታች ስለነበሩ ተረፉ። የመድፉ ስም «ሰላም አድራጊ» ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ውጊያ መድፍ የገባው መቼ ነው?

በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) እና በዐፄ ልብነ ድንግል ጦርነት። ሽንብራ ኩሬ ላይ በ1529 የኢማሙ ሠራዊት ጥቂት ጠመንጃ ነበረው። መድፍ ጎልቶ የሚታየው በኋላ ነው። በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመራ 400 የፖርቱጋል ጦር ምጽዋ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ኢማሙ የመን ዘቢድ ካለው የኦቶማን ፓሻ 900 ባለ ጠመንጃና 10 መድፍ አገኘ። ወፍላ ላይ ነሐሴ 1542 ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፣ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ።

ድሉ ግን አልከረመም። ኢማሙ ከወፍላ በኋላ ከ200 ያህሉ በቀር ኦቶማኖቹን አሰናበተ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተቀላቅለው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ መጡ፣ ኢማሙም እዚያ ወደቀ። መሣሪያ ከውጭ በውሰት ሲመጣ ተኳሹም በውሰት ነው፤ ተኳሹ ሲሄድ የቀረው ብረት ብዙ አይሠራም።

ሴባስቶፖል ስንት ይመዝናል? ተተኩሷል?

7 ቶን ያህል። 70 ቶን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 70 ኩንታል ከሚለው ጋር የተምታታ ይመስላል፤ 7 ቶን 70 ኩንታል ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከ1854 እስከ 1855 ከተከበበችው ከተማ የመጣ ነው። የተቀለጠው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና ባለ እጆች ባሠሩበት ስፍራ ነው። ዓይነቱ ሞርታር ነው፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ የሚጥል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገመድ እየተጎተተ፣ ዓለት እየተፈለጠ መንገድ እየተሠራለት ወራት ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ከሰዎቹ ጋር ድንጋይ ሲያነሱ የዓይን ምስክሮች አይተዋል።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 (ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.) መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ውጊያ ሲከፈት ከፋላ ኮረብታ የተተኮሱት የንጉሡ መድፎች ውጤት አላመጡም። ከትላልቆቹ አንዱ ባሩድ በዝቶበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የሌሎቹ ጥይት አብዛኛው በእንግሊዞቹ አናት ላይ አለፈ። ይህ የድፍረት ጉድለት አይደለም። ከከፍታ ወደ ታች መተኮስ በራሱ ከባድ ሒሳብ ነው፤ ርቀቱ በዓይን ሲታይ ያታልላል፣ ከላይ የወረደ ድፍን ኳስም መሬት ይገባል እንጂ አይነጥርም። ሴባስቶፖል ራሱ የጦርነቱን መንገድ የለወጠበት ቅጽበት የለም።

በሌላ ወገን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር ከባዶቹን አርምስትሮንግ መድፎች ከሕንድ ባመጣቸው ዝሆኖች አስጎተተ። ውጊያው ላይ ቀድመው የደረሱት ግን ባለ 7 ፓውንድ የተራራ መድፎች ነበሩ። ቱቦአቸው 68 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ተፈታተው በበቅሎ ይጫናሉ፣ ደርሰው በደቂቃዎች ይገጠማሉ። ሴባስቶፖል በክብደት የአንዱ መቶ እጥፍ ነው። ዋናው አሁንም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው።

ዓድዋ ላይ መድፍ ምን ሠራ?

በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኋላ የሚጎርሱ ቀላል የሆችኪስ መድፎች ነበሩት። ከመድፈኛ አዛዦቹ መካከል ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለውና በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ ይጠቀሳሉ። ዘመኑ ከመቅደላ 28 ዓመት ብቻ ቢርቅም ነገሩ ተገልብጧል፦ አሁን በበቅሎ የሚጫን መድፍ የያዘው የኢትዮጵያም ወገን ነው።

መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ትናንሾቹ መድፎች ምሽጉን መናድ አልቻሉም፤ ጥይታቸው ለዚያ ቀላል ነው። የምሽጉን ጣልያናዊ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖን ያስወጣው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ መያዙ ነው። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ የጣልያን ጦር 56 መድፎቹን በሙሉ አጣ። የጄኔራል ባራቲዬሪ ዓምዶች ተለያይተው ስለነበር አንዱ ባትሪ (የመድፎች ምድብ) ሌላውን መርዳት አልቻለም። በተራራ መድፍ በኩል ያለው ችግር ደግሞ በቅሎዋ ስትመታ መድፉም እዚያው መቅረቱ ነው። እግረኛ ይሮጣል፣ መድፍ አይሮጥም።

ፈጣን ተኳሽ መድፍ ከቀድሞው በምን ተለየ?

በርግጫው። ከ1897 በፊት መድፍ ሲተኮስ ከነጋሪው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይገፋል፣ እንደገና ይነጣጠራል። በ1897 የወጣው የፈረንሳይ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ቱቦውን ብቻ ወደ ኋላ ለቀቀው። ከሥሩ ያለው ሲሊንደር በዘይት ርግጫውን ይውጣል፣ በታመቀ አየር ቱቦውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጋሪው አይንቀሳቀስም፣ ማነጣጠሪያው አይዛባም። በደቂቃ 15 ጥይት መተኮስ ተቻለ። ከሁለት ወደ አሥራ አምስት መዝለል ማለት ነው፤ ለእኔ ከኦርባን መድፍ ይልቅ ይህ ሲሊንደር የበለጠ አብዮት ነው።

ችግሩ ወደ ማቅረቢያው ዞረ። መድፉ ሳይሆን ጥይቱ ያልቅ ጀመር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ እግረኛው ከመነሣቱ በፊት በነበረው አንድ ሳምንት እንግሊዞች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ቅምቡላ ተኩሰዋል። ብዙዎቹ ሳይፈነዱ ቀሩ፣ ገበሬዎች እስከ ዛሬ በማረሻ ያወጧቸዋል። የሽቦ አጥሩም በብዙ ቦታ ሳይቆረጥ ቆየ፤ አየር ላይ የሚፈነዳ ሽራፕነል ሰው ይመታል እንጂ ሽቦ መቁረጥ ይከብደዋል።

እጅግ ረጅሙ መድፍስ? ፓሪስን የመታው?

ጀርመኖች ከመጋቢት 23 ቀን 1918 ጀምሮ ፓሪስን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆነው ደበደቧት። ጥይቱ 106 ኪሎ ነበር። እያንዳንዱ ተኩስ ቱቦውን ስለሚፍቀው ጥይቶቹ ተራ ቁጥር ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ትንሽ ይወፍራል። ቁጥር ከተዛነፈ አደጋ ነው። በስቅለት ዕለት አንዱ የሳን ዠርቬ ቤተ ክርስቲያንን መትቶ 91 ሰው ገደለ። ፓሪስ ግን እጅ አልሰጠችም። ይህን በሚያክል ርቀት መነጣጠር የሚቻለው ከተማ ላይ ነው፣ ከከተማ ያነሰ ነገር ላይ አይቻልም።

21 ጊዜ መድፍ የሚተኮሰው ለምንድን ነው?

ልማዱ የመርከበኞች ነው። ከአፍ የሚጎርስ መድፍ አንዴ ከተተኮሰ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ወደብ የሚገባ መርከብ መድፎቹን አስቀድሞ ባዶ ሲተኩስ «የጎረሰ የለኝም» ማለቱ ነው። ቁጥሩ በጊዜ ብዛት ለመንግሥታት ክብር 21 ላይ ረጋ። የዓድዋ በዓል ሲከበር አዲስ አበባ ላይ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ጥይት የለውም፣ ባሩድ ብቻ ነው።

ሙዚየም ወይም አደባባይ ላይ አሮጌ መድፍ ሳይ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ቀለሙን፦ አረንጓዴ ያበቀለ ነሐስ ነው፣ ቡኒ ዝገት ያለበት ብረት። ከዚያ ኋላውን፦ ድፍን ከሆነ ከአፉ የሚጎርስ ነው፣ የሚከፈት መዝጊያ ካለው ከኋላ። አፉ ውስጥ በባትሪ ስታበሩ ጥምዝ ቦይ ካያችሁ ሾጣጣ ጥይት የሚያሽከረክር፣ በአብዛኛው ከ1850ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው፤ ልሙጥ ከሆነ የኳስ ተኳሽ ነው። በጎንና ጎን የወጡት ሁለት ክንዶች መድፉ ጋሪው ላይ የሚንጠለጠልባቸው ናቸው፤ አፉ ቀና ደፋ የሚለው በእነሱ ነው። የእንግሊዝ አሮጌ መድፍ ላይ እንደ 9-2-10 ያሉ ሦስት ቁጥሮች ከታዩ ዘመን አይደሉም፣ ክብደት ናቸው። የመጀመሪያው በ112፣ ሁለተኛው በ28 ፓውንድ ይባዛል፣ ሦስተኛው እንዳለ ይደመራል፤ ድምሩ 1,074 ፓውንድ፣ 487 ኪሎ ገደማ ነው።

በመጨረሻ የእሳት ቀዳዳዋን ፈልጉ፣ ከኋላ በኩል ከላይ ናት። ሚስማር ወይም የብረት ሽብልቅ ተመትቶባት ከተደፈነች መድፉ በአንድ ወቅት ሊማረክ ሲል ተኳሾቹ ራሳቸው ከጥቅም ውጭ አድርገውት ነበር ማለት ነው። አንድ መዶሻና አንድ ሚስማር፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። መልሶ ለመክፈት ግን በመሰርሰሪያ ቀስ እያሉ ማውጣት ወይም ሌላ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ በውጊያ ቀን ለዚያ የሚሆን ጊዜ አይገኝም።